የእማሆይ የሺ ግንድ

እማሆይ የሺ ማረፋቸውን የሰማሁት ራቤል ገበያ ላይ ነው። ማረሻ ሳማርጥ ቄስ ዘለቀ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝና «ደምሴ፣ እማሆይ አረፉ» አሉኝ። ሰው እንዲህ ሲባል ያለቅሳል፣ ደረቱን ይመታል። ከእኔ አፍ መጀመሪያ የወጣው ግን «ታዲያ ግንዱን ማን ሊጠብቀው ነው?» የሚል ነው።

ቄሱ ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ሰው፣ ነፍስ ይማር አይባልም?»

ነፍስ ይማር አልኩ። ማረሻውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ያን ቀን የፈራሁት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም እርሻ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ።

ደብራችን ሚካኤል ዳገት ላይ ነው። ዙሪያውን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ከቦታል። ከዚያ ወዲያ ገብስና ነፋስ ነው፤ ዛፍ ቢታይም ባሕር ዛፍ ነው። ከደኑ ሥር፣ ከዳገቱ እግር ምንጫችን አለች። መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከእሷ ነው፤ ሌላ ቅርብ የለንም። ከምንጯ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የኮሶ ግንድ አግድም ተጋድሞ ነበር። የወደቀው ደርግ የወደቀ ዓመት ነው። እማሆይ «ደርግን ጠርገው ወሰዱት፤ ኮሶዬን ግን ማንም አያነሳትም» ይሉ ነበር። እውነትም በሕይወት ሳሉ ማንም አላነሳትም።

እማሆይ ባላቸው ሲሞት ነው ቆብ የጫኑት። ከደኑ አጥር ሥር ካለች ጎጆ ገቡና እዚያው ቀሩ። አጭር ነበሩ፤ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው አይሸፍኑም። ድምፃቸው ግን ወዲያ ማዶ ይሰማል። ገመድ የያዘ ሰው ወደ ደኑ ሲጠጋ ካዩ ከጎጇቸው ደጅ ሆነው፣

«ኧረ አንተ ባለ ገመድ! ልትሳለም ነው ልትሰርቅ?» ይላሉ።

«ኧረ በሬ ጠፍቶኝ ነው እማሆይ!»

«በሬህ ዛፍ ላይ ይወጣል?»

ሰውየው ይመለሳል። ሌላ ምን ያደርጋል?

አንዲት የወይራ ከዘራ አለቻቸው። ጠዋት ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ደኑን ይዞራሉ፤ የወደቀውን ግንድ ሁሉ በከዘራዋ መታ መታ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ቀንግ ካለ «ይኸ ገና ልጅ ነው» ይላሉ። ዱብ ካለ «ይኸ ልቡ ለስልሷል» ይላሉ። ከናካቴው ድምፅ ካልሰጠ፣ ከዘራዋም ከሰመጠች፣ ያማትባሉ። «ይኸ ደርሷል። አፈር ሆኗል።»

ሕጋቸውም ይህ ነበር፤ ከማን እንደተማሩት እግዜር ይወቅ። «ሰው ሲሞት ሣልስት አለው፣ ሰባት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። የዛፍ ተዝካር አፈር እስኪሆን ነው። ተዝካሩ ያላለቀ ሙት አይነካም» ይላሉ። ንፋስ አንዱን ጽድ የጣለ እንደሆነ በሦስተኛው ቀን ንፍሮ ቀቅለው ግንዱ ላይ ይበትናሉ። ወፍ ወርዶ ይለቅመዋል። ቄስ ዘለቀ ይህን አይተው አንድ ቀን ተቆጡ።

«እማሆይ፣ ይህ ነገር ወደ ባዕድ አምልኮ እንዳይሄድብን!»

«ወፍ ባዕድ ነው አባ?» አሉ እማሆይ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ሄዱ። የንፍሮው ነገር እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

እኔ ግን እንደ ቄስ ዘለቀ ትቻቸው አልሄድኩም። ያገሬ ሰው የሚያነደው ኩበት ነው። ኩበቱ ደግሞ የማሳው ፍግ ነው። ምድጃ ውስጥ የገባው ሁሉ ከገብሳችን አፍ የተነጠቀ ነው። ኅዳር ላይ ውርጩ አጥንት ሲሰብር፣ ልጅ ሲያስል፣ እዚያ ዳገት ላይ አንድ መንደር የሚያሞቅ እንጨት ተጋድሞ ይበሰብሳል። ይኸንን ፊት ለፊታቸው ተናግሬያለሁ።

«እማሆይ፣ የሞተ ዛፍ ነው እኮ። ለማን ነው የሚጠበቀው?»

«የሞተ ሰው ልብስ ትገፍፋለህ?»

«እርስዎ ራስዎ በብርድ እየተንቀጠቀጡ!»

እውነቴን ነው። በዚያች ጎጆ እሳቸውም ኩበት ነበር የሚያነዱት። ከደኑ አንዲት ጭራሮ ለራሳቸው ሲያነሱ ያየ ሰው የለም።

ያን ቀን ክንዴን ይዘው ወደ ኮሶው ወሰዱኝ። መጋቢት ነው፤ በልጉ ቀርቶ አፈሩ እንደ ዱቄት ይቦናል። ግንዱ ላይ ብዙ ነገር በቅሏል። ሽበት አውጥቷል፤ አንዲት የወይራ ችግኝ ጀርባው ላይ ቆማለች፤ ጢንዚዛ ይገባል ይወጣል። ከጎኑ አንድ ቀዳዳ አሳዩኝና «እጅህን አግባ» አሉኝ። እባብ ይኖራል ብዬ አመነታሁ። «አይዞህ፣ እባብ መራራ ሰው አይወድም» አሉኝ። እስከ ክርኔ አገባሁት። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ስጨብጠው ውኃ በጣቶቼ መሐል ወረደ።

«ሰማይ ከነፈገን ስንት ጊዜ ሆነው?» አሉኝ።

«ብዙ ነው።»

«ይህን ያህል ማን አስቀመጠልህ?»

እኔ በዚህ አልተረታሁም። ውኃ የያዘ እንጨት ለምድጃ አይሆንም ማለት ነው እንጂ ደረቁን አንጠቀም ማለት አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸው ሳቁ። «አንተ ስትሞት ምላስህ ለብቻዋ ትከራከራለች» አሉኝ። እንዲህ እየተባባልን ኖርን። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ወደ ቀዳዳው ማስገባት አመል ሆነብኝ። እርጥብ ሆኖ ሳገኘው ደስ ይለኛል፤ ለእሳቸው ግን አልነግርም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። አንድ ዓመት የከተራ ሳምንት አንድ ትልቅ ጽድ ታቦት በሚወጣበት መንገድ ላይ ወደቀ። ጎበዛዝቱ መጥረቢያ ይዘው መጡ። እማሆይ ግንዱ ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ።

«ይነሡልን እማሆይ፣ ታቦቱ በምን ይውጣ?»

«በጎን።»

«ታቦት በጎን ይወጣል እንዴ?»

«ቤተ መቅደሱን ሦስት ጊዜ ሲዞር ያልደከመው፣ አንድ ዛፍ ሲዞር ይደክመዋል?»

ተለመኑ፣ ተገዘቱ፣ አልተነሡም። በመጨረሻ ሣሩ በጎን ታጨደና ታቦቱ ዞሮ ወጣ። በዓመቱም ዞረ። አሁን ያ ጽድ ግማሹ አፈር ሆኗል፤ ሰዉ ግን ዛሬም ይዞራል። ከሌላ አጥቢያ የመጣ ዲያቆን «ለምንድን ነው እዚህ ጋ የምትዞሩት?» ብሎ ቢጠይቅ «የደብሩ ሥርዓት ነው» ብለው መለሱለት። እማሆይ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እንግዲህ እኒህ ሴት ናቸው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ያረፉት። ዘመድ የላቸውም፤ አርባቸውን መንደሩ ሊያወጣ ተስማማ። ጠላው ተጠመቀ፣ በግ ተዋጣ። የቀረው ማገዶ ነው። የእድራችን ዳኛ ጌትነት ሰው ሰብስቦ ተናገረ። ጌትነት ክፉ ሰው አይደለም፤ እማሆይን ከእናቱ ለይቶ አያይም ነበር።

«እኒህ ሴት ዕድሜያቸውን ለሚካኤል ሰጡ» አለ። «ተዝካራቸው በኩበት ጭስ አይሆንም። የሚወዱት ኮሶ እዚያ ተጋድሟል። እሱን አንስተን በእሱ እንቀቅልላቸው። ከዚህ በላይ ክብር ምን አለ?»

ሰዉ ሁሉ «ይበል!» አለ። አንዳንዱም ዕንባ መጣው።

እኔ ተነሣሁ። «ጌትነት፣ ያን ግንድ አትንኩ። አንደኛ አይነድም። ሁለተኛ ሴትዮዋ ተዝካሩ አላለቀም ብለዋል።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ በቁማቸው ስለዚህ ግንድ ሲጨቀጭቋቸው የኖሩት?»

«ነኝ። እኔ ለመጨቅጨቅ ነው እንጂ ለማንሳት አላልኩም።»

ሳቁብኝ። «እማሆይ አርፈው እርስዎ መነኰሱ!» አለ አንዱ። በሬዎቼን አልሰጥም አልኩ። የሌላ ሰው በሬ ተጠመደ።

ግንዱ ላይ ላዩ ደረቅ ነበር፤ ያታለላቸውም እሱ ነው። በመጥረቢያ ሲከፍቱት ውስጡ ቀይ፣ እንደ ረጠበ ጭቃ ነው። ከሥሩ ስንት ዓመት ያጠራቀመው አፈር አብሮ ተነሣ። ችግኟ ወደቀች። ጎትተው ሲያወርዱት ቁልቁለቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ቁስል ቀረ፤ አራስ ላም የተኛችበት ቦታ ይመስል ጎድጉዶ፣ ሣር የለው፣ ሥር የለው።

ምድጃ ውስጥ ሲገባ እንጨቱ ችስስ ይል ጀመር። አረፋ ይደፍቃል እንጂ አይነድም። ጭሱ ዳሱን ሞላው። ቄሶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ሴቶቹ ያስላሉ፣ ወጡ እንደ ተጣደ ነው። አንዲት አሮጊት «እማሆይ ራሳቸው ናቸው እፍ እያሉ የሚያጠፉት» አለች። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ጌትነት ተነሥቶ ወጣና ኩበት ከየቤቱ እንዲመጣ አዘዘ። የእማሆይ የሺ ተዝካር በኩበት በሰለ።

የእኔ ፍርሃት ግን ምድጃው አልነበረም። ቁስሉ ነው።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ በመጣ ማግስት ባለቤቴ አስካለ ከምንጭ ተመልሳ ጀሪካኗን ዱብ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ና እየው» አለችኝ።

በጣሳ ቀዳሁት። የጠላ አተላ ይመስላል።

ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ግንዱ ከነበረበት ጎድጓዳ መሐል ውኃ አንድ ቦይ ቀዷል፤ ክንድ ያስገባል። ቦዩ ቀጥ ብሎ የሚያየው ምንጯን ነው። የሐምሌ ዝናብ እንዲህ አይደለም፤ የሐምሌ ዝናብ ድንጋይ ያንከባልላል። ይህ ዳገት ከተናደ ምንጯን ከነአፏ ይቀብራታል፤ ሌላዋ ምንጭ ያለችው ገደሉ ሥር ነው፤ አህያ እንኳ ወርዶ የማይወጣው ቦታ።

ለጌትነት ነገርኩት። ሰው አስወጥቶ ድንጋይ አስካበ። ጥሩ ካብ ነበር። በሁለተኛው ዝናብ ካቡ ወርዶ ግማሹ ምንጯ አፍ ላይ ተቀመጠ። ውኃ ድንጋዩን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን አፈር ነው የበላው። ወንዶቹ ምንጯን ከበው ቆሙ። ጌትነት ቆቡን አውልቆ ጨመደደው።

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ አሉ፤ አልሰማሁም። አሁን ይንገሩኝ፣ ምን ይሻላል?»

ምን ልንገረው? እኔ ያወቅሁት ነገር የለም። ያወቁት ሴትዮ ከዚያ ማዶ ተቀብረዋል። ግንዱ እዚያ በነበረበት ዘመን ሁሉ ዳገቱ እንዳልተናደ ብቻ ነው የማውቀው። ግንድ ጠፍቶ ከሆነ ግንድ ነው መመለስ ያለበት አልኩ።

«የት እናመጣለን? ከደኑ ልንቆርጥ ነው?»

«ከደኑ አይቆረጥም።»

«ባሕር ዛፍ?»

ባሕር ዛፉ ቀጭን ነው፤ እንደ ሸምበቆ ይንሳፈፋል። ሌላ ነገር እንዳለ እኔ አውቅ ነበር። ሳልነግረው ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ቤቴ ድንብ ቤት ነው፣ በአንድ ምሰሶ የቆመ፤ የአባቴ ነው። ምሰሶው ነቅዟል። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ዘንበል ካለ ቆየ፤ በአንድ የወይራ ባላ ደግፌው ነው ያለነው። ለአዲስ ምሰሶ ብዬ ጓሮ ያጋደምኩት የጽድ ግንድ አለ፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ። አያቴ ከተከለው ከራሳችን ጽድ የቆረጥኩት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ልንተክለው አስካለን ቃል ገብቼላታለሁ። ቃል ከገባሁላት ክረምት ሁለት ወጥቷል።

ማታ ገብቼ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ምሰሶውን አያለሁ።

«ምን ሆነሃል?» አለች።

«ምንም።»

«ምሰሶውን እንዲህ የምታየው ሊያመልጥህ ነው?»

ነገርኳት። ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እከራከራለሁ። እሷ ግን እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ፣

«ቤቱስ?» አለች።

«ቤቱ ዘንድሮን ይቆማል።»

«ካልቆመስ?»

«ባላውን አጠብቀዋለሁ።»

«እኔ የምተኛው ከዚህ ጣሪያ ሥር ነው ደምሴ። አንተ ባላ አጠበቅሁ ስትል እኔ ጣሪያ ሲንቋቋ ነው የምሰማው።»

ተነሥቼ ባላውን በእጄ ነቅነቅ አደረግሁት። ጠዋት ስነሣ ጀሪካኗን ይዛ ወጥታለች። ተመልሳ ስትመጣ ጀሪካኑ ባዶ ነው። «አይጠጣም» አለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረችና የጽዱን ጫፍ በእግሯ ገፋ አደረገችው። «እንግዲህ በሬዎቹን ጥመዳ! ወይስ እኔ ልጎትተው?»

ጌትነት መንደሩን ይዞ መጣ። ሽቅብ ስንጎትት ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፤ ደመናው ከገደሉ ወዲያ እየጠቆረ ይመጣል፣ ሁሉም ሰው አንገቱን እያዞረ ያየዋል። ግንዱን ከጎድጓዳው አገባነው፤ አግድም፣ እንደ ድሮው። ከተዝካሩ ምድጃ የተረፈውን የኮሶ ስብርባሪ ሴቶቹ በቁና ይዘው መጥተው ከኋላው ደለደሉት። አንዱ ግማሹ ከስሏል፤ እሱንም ከተቱት። የወይራ ችግኟን አስካለ ከወደቀችበት አንስታ ከሥሩ አጣብቃ ተከለቻት፤ መጽደቋን እንጃ።

ቄስ ዘለቀ ቆመው አዩን። «ፍትሐት ይደረግለት እንዴ?» አሉ፤ ለቀልድ ነው። ማንም አልሳቀም። ከዚያ እጃቸውን ከካባቸው ውስጥ አወጡ። ንፍሮ ነው። ግንዱ ላይ በተኑት። ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ ሄዱ።

የእማሆይን ከዘራ መንደሩ ለእኔ ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። የጽዱን ግንድ እመታዋለሁ፤ ቀንግ ይላል። ገና ልጅ ነው። ጽድ እስኪበሰብስ የእኔ የልጅ ልጆች ያረጃሉ፤ ውስጡ ውኃ ሲቋጥር እኔ አላየውም። አሁን ማድረግ የሚችለው ተጋድሞ መቆየት ብቻ ነው። ይቆያል ወይ? ከሥሩ ያለውን አፈር ጎንበስ ብዬ በጣቴ እነካለሁ። አንድ ቀን የጠነከረ ይመስለኛል፣ በማግስቱ የሟሟ ይመስለኛል። እማሆይ ቢኖሩ አንድ ጊዜ መታ አድርገው ይነግሩኝ ነበር። ወይ ደግሞ ይሰድቡኝ ነበር፤ እሱም ይበቃኝ ነበር።

ሐምሌ ተጋምሷል። ዛሬ ጠዋት አስካለ ከምንጭ መጥታ ውኃውን በብርጭቆ ቀዳችና ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። ከታች ትንሽ ደለል አለ፣ እንደ ጥፍር ጫፍ።

«ከትናንቱ ያንሳል» አለች።

«እኩል ነው።»

«ዓይንህ ነው። ያንሳል።»

«እኩል ነው አልኩሽ።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀምጠን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ስንከራከር ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ። ክርክራችንን ተውነው። እሷ ወደ ምሰሶው ቀና አለች። እኔ በበሩ ወደ ዳገቱ አየሁ።